ሙት ወቃሽ አያርገኝ

መርፌ የምትባለው ሴት በሩ ላይ ስትታይ፣ ሻይ የምትቀዳው ጎረቤት ፔርሙሱን ማቅናት ረሳች። ሻዩ ብርጭቆውን ሞላ፣ ከብርጭቆው ወደ ትሪው ወረደ፣ ከትሪው አልፎ የአንድ ሽማግሌ ጉልበት ላይ ተንጠባጠበ። ሽማግሌው እንኳ ሱሪያቸውን አላዩም። የሁሉም ዓይን በሩ ላይ ነበር።

ሦስተኛው የለቅሶ ቀን ነው። ከየጎረቤቱ የተሰበሰቡት ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፤ ግማሹ የእንጨት፣ ግማሹ የፕላስቲክ፣ አንዱ ደግሞ እግሩ ተሰብሮ በጡብ የተደገፈ። የሟቹ ሚስት፣ ትኬት ሻጯ፣ ከሶፋው ጥግ ተቀምጣለች። ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሰዉ «ደንዝዛለች» ይላል። እሷም ራሷን ስትጠይቅ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘችም።

መርፌ ልብስ ሰፊ ናት። ቀጭን፣ አጭር፣ ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት። መርፌ የሚሏት ግማሹ ለሙያዋ፣ ግማሹ ለምላሷ ነው። የሟቹ የመጀመሪያ ሚስት ታላቅ እኅት ስትሆን፣ እሱ ትኬት ሻጯን ካገባ ወዲህ፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ የዚህን ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። የእኅቷ ልጅ ስትናፍቃት ወደ ሱቋ ታስጠራታለች እንጂ እሷ አትመጣም።

አሁን ግን መጣች። ወለሉን አቋርጣ ሶፋው ፊት ቆመች።

«እግዜር ያጽናሽ» አለች።

«አሜን፣ ያኑርሽ» አለች ትኬት ሻጯ።

ሌላው ሰው ሁሉ አንገቷን እያቀፈ ነበር የሚያጽናናት። መርፌ እጇን ብቻ ዘረጋች፤ ደረቅና ጠንካራ እጅ ነበር። ከዚያ በሩ አጠገብ ካለው፣ ማንም ከማይፈልገው፣ በጡብ ከተደገፈው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። የቀረበላትን ሻይ በምልክት መለሰች።

ወዲያው ሹክሹክታው ተጀመረ።

«ምን ሆና መጣች?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ከጎኗ ላለችው።

«ልጅቷን ልትወስድ ነዋ።»

«የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በምን ልትወስዳት ነው፣ አዝላ?»

ልጅቷ ከጓዳ ብቅ ስትል አክስቷን አየችና ሮጣ ሄዳ ትከሻዋ ላይ ተደፋች። መርፌ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። የሟቹ ታላቅ እኅት፣ ቤቱ ሁሉ እታለም የሚላት፣ ለቅሶውን እንደ ጦር አዝማች ከመሃል ሆና የምትመራው ሴት፣ ይህን ሁሉ አይታ ከንፈሯን ነከሰች።

*

ሟቹ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰባት ቁጥርን ነድቷል፤ ተሳፋሪውም፣ አለቆቹም፣ ልጆችም «ይደረሳል» ነበር የሚሉት። ምክንያቱም «አፍጥነው እንጂ፣ ሥራ ረፈደብን» ባሉት ቁጥር በመስታወቱ እያየ «ይደረሳል» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። አሮጊት ሲሳፈሩ እስኪቀመጡ ይጠብቃል። ነፍሰ ጡር ስትወርድ ሁለት እግሯ መሬት መንካቱን ሳያይ አይነሳም። አንድ ጊዜ ሥራ የረፈደበት አንድ ጸሐፊ «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ አካሄድህ ሞትም ጠብቆህ ይሰለቻል» ብሎት፣ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ሲስቅ እሱም አብሮ ስቋል።

ትኬት ሻጯን ያገኛት ከሰባት ቁጥር መነሻ ካለችው ጠባብ መስኮት ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት የጉዞ ወረቀቱን ሊቀበል ጎንበስ ይልና «ዛሬስ መስኮቱ እንዴት አደረ?» ይላታል። እሷም «መስኮቱ ደኅና ነው» ትለዋለች። እሷ እንዴት እንዳደረች ለመጠየቅ አራት ወር ፈጀበት። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ ከዓመታት በፊት ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋር የነበራት እጮኝነት ከፈረሰ በኋላ ትዳር የሚባለውን ነገር ከሐሳቧ አውጥታ ነበር። ሚስቱ እንደ ሞተችበት፣ የአሥር ዓመት ልጅ እንዳለችው ራሱ ነገራት። ሚስቱ በምን እንደ ሞተች ስትጠይቀው «ሆዷን አሟት» አለና መሪውን እንደያዘ ሰው እጆቹን አየ። አልደገመችውም።

አሟሟቱም እንደ አኗኗሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተራውን ጨርሶ ቁልፉን መለሰ፣ የጫማውን ክር ሊያስር ከጋራዡ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ አልተነሳም። ልቡ ነው አሉ።

*

ለቅሶ ደራሹ ሲሳሳ መርፌ ከወንበሯ ተነስታ መጣች።

«ሁለት ደቂቃ ስጪኝ። እዚህ አይደለም።»

እታለም አንገቷን አቀናች። ትኬት ሻጯ ግን ቀድማ ተነሳች፤ ከሦስት ቀን መቀመጥ በኋላ እግሯ የሚሄድበት ቦታ ማግኘቱ ብቻ ደስ ሳይለው አልቀረም። ወደ ጓሮ ወጡ። ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ከለቅሶው በፊት የታጠቡ የአልጋ ልብሶች እንደ ተሰጡ ነበሩ፤ የሚያወርዳቸው ሰው አልተገኘም። መርፌ ከአንዱ አንሶላ ጀርባ ስትደርስ ቆመች።

«ሙት ወቃሽ አያርገኝና» አለች፣ «እኅቴ በምን እንደ ሞተች ነግሮሻል?»

«በሆድ ሕመም።»

«የማኅፀን በር ካንሰር ነው። ስምንት ወር ያስታመምኳት እኔ ነኝ፤ ደም ሲፈሳት ያጠብኳት፣ ሰው የሚያሸሽ ጠረን ሲመጣባት መስኮት የከፈትኩላት እኔ ነኝ።» ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «መጨረሻ ላይ ሐኪሙ እኔንና እሱን ለብቻ ጠራን። ይሄ ነገር ከቫይረስ ነው የሚመጣው አለን። ከባል ወደ ሚስት፣ ከሚስት ወደ ባል ይተላለፋል። ወንዱን ምንም ስለማይለው ይዞት እንደሚዞር አያውቅም። ከዚያ ወደሱ ዞሮ፣ ‹አንድ ቀን ሌላ ካገባህ ትመርመር› አለው። በዚህ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ትኬት ሻጯ የአንሶላውን ጫፍ ያዘች።

«ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?» አለች መርፌ።

«ባሌ አፈሩ ሳይደርቅ፣ በሽታ ትቶልሽ ነው የሄደው ልትዪኝ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«ዘጠኝ ዓመት የት ነበርሽ ታዲያ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ የመርፌ ዓይን መሬት ወረደ።

«መጀመሪያ እሱ ይነግራታል አልኩ» አለች። «ኋላ ደግሞ ብትሰማ ባትሰማ ምን አገባኝ አልኩ። የእኅቴን አልጋ የያዘች ሴት ነሽ፤ ልጇ አንቺን እማዬ ስትል የሰማሁ ዕለት ሱቄን ዘግቼ ነው የዋልኩት። ሁለቱም እውነት ነው። የፈለግሽውን በይኝ።»

«ሂጂልኝ» አለች ትኬት ሻጯ።

መርፌ ሄደች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ «ሱቄን ታውቂዋለሽ» ብቻ አለች።

*

አራተኛውን ቀን ትኬት ሻጯ ሰው ሲያወራ የምትሰማ መስላ ዋለች እንጂ የምትሰማው ሌላ ነበር። ሰው «ደግ ሰው ነበር» ባለ ቁጥር አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ውስጧ ግን የድሮ ነገር አንድ በአንድ እያነሳ ይጥላል።

ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጥታ ነበር። ለሴት ልጆች ክትባት ይሰጣል፣ ወላጅ ይፈርም የሚል። ይደረሳል ማንኛውንም ወረቀት ሳምንት ሳያሳድር ፈርሞ አያውቅም፤ የመብራት ቤት ደብዳቤ እንኳ ከሬዲዮው ሥር አቧራ ሲጠጣ ይከርማል። ያን ዕለት ግን ምሳው ቀርቦለት፣ እጁን ታጥቦ፣ በእርጥብ እጁ ቆሞ ፈረመ። ክትባቱ የሚሰጥ ዕለትም ተራ ለውጦ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ዋለ። ዳቦ ጋጋሪዋ በየቤቱ «ክትባቱ ልጆቹን መካን ሊያደርግ ነው አሉ» እያለች ስትዞር፣ ያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው «እመቤት፣ ዳቦሽን ጋግሪ» ብሏት ሰፈሩ ሳምንት ሙሉ ሲያወራው ነበር። ትኬት ሻጯ ያኔ «ለልጁ ያለው ፍቅር ነው» ብላ አልፋዋለች።

ሌላም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በዕረፍት ቀኑ «ነይ ሁለታችንም ጤናችንን እንታይ» ብሎ ጤና ጣቢያ ድረስ ወስዷታል። በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ አየች። «ምን አመመኝና ነው ስሰለፍ የምውለው? ቤት ሥራ አለብኝ» አለችው። እሱም ሰልፉን አየ፣ እሷን አየ፣ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና «እንግዲያው ሌላ ቀን። ይደረሳል» አላት።

አሁን ያን የተከፈተ አፍ ታየዋለች።

*

በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ እሷና እታለም ሳሎን ውስጥ ብርድ ልብስ እያጠፉ ነበር። አንደኛዋ በዚህ ጫፍ፣ አንደኛዋ በዚያ ጫፍ።

«እታለም፣ የበፊቷ ሚስቱ በምን ነው የሞተችው?»

«ማን ነገረሽ?» አለች እታለም።

መልሱ ይኸው ነበር። ሁለቱም ይህን ስላወቁት ብርድ ልብሱ መሃላቸው ላይ እንደ ተወጠረ ቀረ።

«እኔ ነኝ ሆድ ይፍጀው ያልኩት» አለች እታለም በመጨረሻ። «ሰው ማኅፀን የሚል በሽታ ሲሰማ ምን እንደሚል ጠፍቶሽ ነው? ዓመለኛ ብትሆን ነው ይላል። እሷ ግን ከወንድሜ ሌላ ወንድ አይታ አታውቅም። በሞተችበት ስሟን ከሚያጎድፏት፣ ሆዷን አሟት ይበሉ አልኩ። ልጇም ነገ ታገባለች፣ ትወልዳለች፤ የእናቷ ስም ይከተላታል።»

«ለእኔስ?»

«አንቺ ስትመጪማ ነገሩ አንድ ጊዜ ተቀብሯል። መቃብር ቆፍሬ ላውጣው?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሊነግርሽ ፈልጎ ነበር። እኔ ቤት መጥቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ‹ብነግራት ጥላኝ ትሄዳለች› አለኝ። እኔም ‹እንግዲያው ምን ያጣድፍሃል› አልኩት። የሱን ዓመል ታውቂዋለሽ። ነገ፣ ነገ ሲል…»

ትኬት ሻጯ የያዘችውን ጫፍ ለቀቀች። እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። በአምስት ቀን የመጀመሪያ ለቅሶዋ ነበር፤ የመጣውም ከሐዘን ሳይሆን ከንዴት ነበር። አሮጊት እስኪቀመጡ የሚጠብቅ ሰው፣ የሰው እግር መሬት መንካቱን ሳያይ የማይነሳ ሰው፣ የእሷን እግር እንዴት ሳያይ ቀረ? ቆይቶ ግን ንዴቱ ወዴት እንደ ሄደ አታውቅም፤ ለቅሶው ግን ቀጠለ፣ አሁን የሚያስለቅሳት እሱ ራሱ ነበር፤ ሰፊ ትከሻው፣ ጠዋት ጠዋት «መስኮቱ እንዴት አደረ» የሚለው ድምፁ። እታለም አጠገቧ ቁጭ ብላ አብራት አለቀሰች። ለቅሶ ደራሾች መጥተው ሁለቱን እንደዚያ ሲያገኟቸው «እሰይ፣ ወጣላት» ተባባሉ።

በማግስቱ ልጅቷ ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ እያጠበች ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ አክስቴ ጓሮ ምን አለችሽ?»

ነገረቻት። ልጅቷ አልደነገጠችም። ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አለቀለቀችው።

«የተከተብኩ ጊዜ ነግሮኛል» አለች። «‹ይሄ እናትሽን ከወሰዳት ነገር ይጠብቅሻል› ነው ያለኝ። እማዬስ ታውቃለች ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ‹እኔው እነግራታለሁ፣ የእኔ ድርሻ ነው› አለኝ። የነገረሽ መስሎኝ ነበር። በእውነት የነገረሽ መስሎኝ ነበር።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ።»

«ነገ ሂጂ» አለች ልጅቷ። እጇ ከሳሙናው ውስጥ ሳይወጣ ቆመች። «እናት ቀብሬያለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ አባት። ሦስተኛ አልችልም።»

*

ሰባተኛው ቀን ላይ ትኬት ሻጯ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማ አደረገች። በለቅሶ ቤት ያልተለመደ ነገር ነውና ዓይን ሁሉ እግሯ ላይ አረፈ። ማንንም ሳታስፈቅድ ወጣች።

መርፌ ሱቅ ውስጥ የአንድ ወፍራም ሰውዬ ሱሪ ወገብ እያሰፋች ነበር። ቀና ብላ አየቻት፣ መኪናውን አቆመች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«የማን ለቅሶ ነው ጥለሽ የመጣሽው?» አለቻት።

«የባሌን።»

«ጥሩ። እሱ እዚያው ይጠብቅሻል» አለችና በሩን ዘጋች።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ወፈር ያለች፣ ወሬ የምትወድ፣ መነፅሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ሴት ናት። ሁለቱን አስቀምጣ፣ አንዷ ጥቁር ለብሳ፣ ሌላዋ የልብስ ሰፊ ሜትር ከአንገቷ ሳታወርድ መምጣቷን አይታ፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ይሄ ኤች ፒ ቪ የሚባለው ቫይረስ አንድ አይደለም» አለች። «ትልቅ ቤተ ዘመድ ነው፤ ከሁለት መቶ በላይ ዓይነት አለው። እንደ ማንኛውም ቤተ ዘመድ አብዛኛው ጉዳት የለውም። አንዱ እጅ ላይ ኪንታሮት ያወጣል፣ ሌላው መጥቶ መሄዱም አይታወቅ። ክፉዎቹ አሥራ አራት ቢሆኑ ነው። ከእነሱም ውስጥ የባሱት ሁለት ናቸው፤ ስም የላቸውም፣ በቁጥር ነው የምንጠራቸው። አሥራ ስድስትና አሥራ ስምንት። ከአሥር የማኅፀን በር ካንሰር ሰባቱን የሚያመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።»

«የያዘው ሁሉ ይሞታል?» አለች ትኬት ሻጯ።

«ምን በወጣው። ትዳር ያለው ሰው አብዛኛው በሆነ ዘመን ይይዘዋል። ሰውነት ራሱ በዓመት በሁለት ዓመት ያባርረዋል። አልወጣም ብሎ ሥር የሰደደው ነው ነገር የሚያመጣው፤ እሱም ካንሰር እስኪሆን አሥርም አሥራ አምስትም ዓመት ይፈጅበታል። ዘገምተኛ ነው። እኛ መሃል መንገድ ላይ ነው የምንይዘው።»

ትኬት ሻጯ እጆቿን አየች። «እና… ከባሌ ነው የሚሆነው?»

ነርሷ መነፅሯን አገኘችና አደረገችው። «ከእሱ በፊት ያወቁት ሰው ነበር?»

ሬዲዮ ጠጋኙ ትዝ አላት። ስንት ዓመቱ። «ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያው ከእሱ ወደ እርስዎ መጥቶ ይሆናል፤ ከእርስዎም ወደ እሱ ሄዶ ይሆናል፤ ሁለታችሁ ሳትተዋወቁም እያንዳንዳችሁ ጋ ተቀምጦ ይሆናል። ይሄ ቫይረስ መታወቂያ ይዞ አይዞርም። ከማን ነው ብሎ መጠየቅ ልብ ማድከም ነው።»

«ወንዱስ?» አለች መርፌ በድንገት። «ያውቃል? የመጀመሪያ ሚስቱ ሳትታመም በፊት፣ ሊያውቅ ይችላል?»

«በምን ይወቀው፣ እናቴ? ሕመም የለው፣ ምልክት የለው። ለወንድ የሚሆን ምርመራም እኛ ጋ የለም።»

መርፌ የአንገቷን ሜትር አወረደችና ትጠቀልለው ጀመር፤ ጠቅልላ ስትጨርስ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድን ሰው የእኅቷ ገዳይ አድርጋ ኖራለች። ሰላምታ ነስታዋለች። ለቀብሩ እንኳ ከሩቅ ነበር የቆመችው።

«መንገር ግን ነበረበት» አለች መጨረሻ ላይ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ነበረበት» አለች ትኬት ሻጯ።

ምርመራው የፈራችውን ያህል አልነበረም። ነርሷ ጫፉ ጥጥ የመሰለ ቀጭን ዘንግ ሰጠቻት፣ መጋረጃውን ዘጋችላት፣ ራሷ ናሙናውን ወሰደች። ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል ተባለች። ስትወጣ ሰልፉን አየችው፤ እንደዚያ ቀኑ ረጅም ነበር።

*

በአሥረኛው ቀን ለቅሶ ቤቱ ሳስቷል። ወንበሮቹ ወደየባለቤቶቻቸው መመለስ ጀምረዋል። መርፌ ጠዋት መጣችና፣ በዚህኛው ጊዜ፣ የቀረበላትን ሻይ ቁጭ ብላ ጠጣች፤ «ስኳሩ በዛ» ማለቷን ግን አልተወችም። ይህን ስትሰማ የልጅቷ ጥርስ ከአባቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

ትኬት ሻጯ በር ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያሰረች ሳለ ዳቦ ጋጋሪዋ ገባች። «ዛሬም ልትወጣ ነው? ምን ሆና ነው ይቺ ሴት መቀመጥ ያቃታት?» ስትል ሰማቻት።

ባለፈው እታለም «ራሷን አሟት ነው» ብላ ነበር ለሰው የመለሰችው። አሁን ግን ብርጭቆዋን ትሪው ላይ ስታስቀምጥ ተሰማ።

«ለማኅፀን በር ምርመራ ነው የምትሄደው» አለች እታለም፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ወንድሜ የቀበራት የመጀመሪያ ሚስቱ በዚሁ ነው የሞተችው። ሆዷን ነው ያልኩት ዋሽቼ ነው። አንቺስ፣ ታይተሽ ታውቂያለሽ? ሴት ልጅሽንስ አስከተብሽ?»

ትኬት ሻጯ የጫማዋን ክር ለረጅም ጊዜ አሰረች፤ ቀና ብላ ፊቷን ልታሳይ አልፈለገችም።

ውጤቱ አሥራ ስድስት ነበር።

ነርሷ ቁጥሩን ስትነግራት ክፍሉ ዞረባት። «ይተንፍሱ» አለቻት ነርሷ። «ቫይረሱ አለ ማለት ካንሰር አለ ማለት አይደለም። አሁን እናየዋለን።» አልጋው ላይ አስተኝታት፣ አቼቶ በመሰለ ነገር ቀብታ፣ በመብራት አየች። ረጅም ደቂቃ ነበር። ከመጋረጃው ውጭ የመርፌ ጫማ ጫፍ ይታያል።

«ትንሽ ነጭ ቦታ አለ» አለች ነርሷ። «ካንሰር አይደለም። ወደዚያ መንገድ የጀመረ ነገር ነው፤ ሩቅ ግን አልሄደም። አሁኑኑ በሙቀት እንተኩሰዋለን። ከደቂቃ አይበልጥም፤ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ነው የሚያምዎት።»

«መርፌ» አለች ትኬት ሻጯ፣ ወደ መጋረጃው።

«አለሁ።»

«አንድ ነገር አውሪልኝ።»

መርፌ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የዚያ ወፍራም ሰውዬ ሱሪ» አለች ከመጋረጃው ወዲያ። «ወገቡን ሦስቴ አስፍቼለታለሁ። ባለፈው መጥቶ ‹ሱሪሽ ያጥራል› አለኝ። ሱሪው አላጠረም፣ ሆድህ ነው ወደ ላይ የሚስበው አልኩት። አሁን ደግሞ ጨርቅ አለቀ። ዚፑን ከጎን ላድርግልህ ብለው ሚስቴ ትስቅብኛለች አለ። ሚስትህማ…»

የቀረውን ትኬት ሻጯ አልሰማችውም። ሕመሙ መጣ፣ ጨመደዳት፣ ለቀቃት። ነርሷ «አለቀ» ስትል መርፌ አሁንም ስለ ዚፑ እያወራች ነበር።

ለብሳ ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርድ ጠበቃት። ነርሷ ጥቂት ሳምንት ፈሳሽ ሊኖር እንደሚችል፣ መጨነቅ እንደማያስፈልግ፣ በዓመቱ ግን ሳትቀር መጥታ መታየት እንዳለባት አስረዳቻት። «ዓመት ሩቅ ይመስላል፤ ሰው ይረሳል። ስለዚህ እዚህ ጋ የሚቀርብዎትን ሰው ስልክ ይጻፉልኝ፤ እርስዎን ካጣን እሱን እንፈልጋለን።»

ትኬት ሻጯ እስክሪብቶውን ተቀበለችና ጻፈች። እጇ ቁጥሩን ሳትነግረው ያውቀዋል፤ አንዱንም ሳትሳሳት እስከ መጨረሻው ጻፈችው።

ነርሷ ካርዱን ዞር አድርጋ አየችው። «ይሄ የማን ነው?»

ያኔ ነው ያየችው።

«የባለቤቴ።»

ነርሷ መነፅሯን አወለቀች። መሳቢያውን ስባ ሌላ ካርድ ልታወጣ ስትል ትኬት ሻጯ እጇን ካርዱ ላይ አሳረፈች።

«አይ፣ እዚሁ ይሁን። አይሰረዝ።»

መርፌ ከጎኗ ወንበሩን ሳበች፤ እስክሪብቶውን ከጣቶቿ ቀስ ብላ ወሰደችና ከእሱ ቁጥር ሥር፣ ልብስ ስትጠቅም እንደምታደርገው ጠጋ ጠጋ አድርጋ፣ የራሷን ጻፈች።